አክስቴ «የዘር ነው» ይላሉ፤ ሐኪሙ «አፈሩ ነው» ይላል

ጠያቂ
ምሥራቅ ጎጃም የሚኖሩት አክስቴ ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠዋል፤ ከጣቶቻቸው መሐል የሚወጣውን ፈሳሽ ሰው እንዳያይባቸው በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑታል። ሐኪሙ በሽታው ዝሆኔ መሆኑን፣ መንስኤውም በባዶ እግር የተረገጠው ቀይ አፈር መሆኑን ነገራቸው። እሳቸው ግን «እህቶቼስ በዚያው መሬት በባዶ እግራቸው አልሄዱም? ከእናቴ የወረስኩት ነው» ሲሉት፣ «በዘር አይተላለፍም» ብሎ ዘጋቸው። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያ አልተመለሱም። ትክክሉ የማን ነው?

የጤና መኮንን
ስለ አፈሩ ሐኪሙ ትክክል ነው። የደጋውና የወይና ደጋው ዝሆኔ ቆላ ውስጥ በትንኝ ከሚተላለፈው የተለየ ሲሆን ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ዘልቀው ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚወስዱ መተላለፊያዎችን ያስቆጣሉ፤ እግሩም ከታች ወደ ላይ ያብጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህንን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ብዙ ሐኪሞች ራሳቸው ነገሩን በትንኝ ያሳብቡ ነበር።

ወንድማችሁ
አክስትህም አልተሳሳቱም። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የተካሄደ የዘረመል ጥናት ኤችኤልኤ የተባሉት፣ የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ ጂኖች ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ ያለው ተጋላጭነት ነው፤ እህቶቻቸው የተረፉትም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከዚያው ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ ከበሽታው ይጠበቃል። የአክስትህ ጥያቄ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሐኪሙ መልስ የበለጠ ብልህ ነበር።

የታማሚ ልጅ
ለሐኪሙ «ዘር» የሳይንስ ጉዳይ ነው፤ እኛ አገር ግን ጋብቻ ያስቀራል፤ እህቴ ታጭታ የቀረችው በዚሁ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ በማለዳ የረገጠችው መድኃኒት ነው እንጂ አፈር ነው ብላ አታምንም። ሆኖም ነርሷ ሳትከራከራት አጠባውን ስላስተማረቻት፣ ማታ ማታ በሳሙና ታጥባ፣ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ ዘፍዝፋ፣ አድርቃ ቫዝሊን ትቀባለች። «ምች» የምትለው ትኩሳትና ሕመም እየራቀ ሄዷል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ገበያ ላይ ያለ ጫማ ግን አይገባቸውም።

የታማሚ ልጅ
እግራቸውን ወረቀት ላይ አስረግጠህ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምር፤ የእግራቸውን ጀርባ ውፍረት በክር ለካና ሁለቱንም ለጫማ ሰፊ ስጥ። የግራውና የቀኙ እብጠት እኩል ስለማይሆን ለየብቻ ለካቸው።