የዋሽንግተን ጉዞ ረቂቅ፦ አቤት የምንለው ለማን ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ኢትዮጵያ ወደ አጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ወደሚገባበት ዕድል፣ እንድትመለስ ለመጠየቅ ለምናደርገው ጉዞ 4 ሺሕ ዶላር ከማኅበሩ ካዝና ከመውጣቱ በፊት አቤት የምንለው ለማን እንደሆነ ይቆረጥ። ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ያስወጧት ፕሬዚዳንት ባይደን ናቸው፤ የትኛው አገር ብቁ እንደሆነ በየዓመቱ የሚወስነውም ፕሬዚዳንቱ ነው። ታዲያ በኮንግረስ ደጅ ስንጠና ብንውል ምን እናገኛለን?

ጸሐፊ፦ ያንን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው በ2000 የአጎዋን ሕግ ያወጣው ኮንግረስ ነው። በጀት የሚያጸድቁ እንደራሴዎች ደብዳቤ ሲጽፉ ዋይት ሐውስ እንደኛ ደብዳቤ አይቆጥረውም፤ ረቂቁም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

የሲያትል አባል፦ «በ2018 ያስጸደቅነው ሕግ» የሚለውን ከረቂቁ ደብዳቤ መግቢያ የሰረዘው ማን ነው?

የዳላስ አባል፦ እኔ ነኝ፣ ጋሼ። በተለምዶ ኤች አር 128 የምንለው፣ በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀው ኤች ሬስ 128 ሕግ አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤት ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ብቻውን ያሳለፈው የአቋም መግለጫ ስለሆነ የፕሬዚዳንት ፊርማ አያስፈልገውም፤ ማንንም አያስገድድም። ሕግ ሊሆን የተሞከረው የ2007ቱ ኤች አር 2003 ነበር፤ እሱም ሴኔት ገብቶ ቀረ።

የሲያትል አባል፦ አንተ ያኔ ተማሪ ነበርክ። እኔ ከሥራ ቀርቼ የእንደራሴዎች ቢሮ ባለበት በሬይበርን ሕንፃ ኮሪደር ጫማዬ እስኪያልቅ ተመላልሻለሁ። ስሜ ከተጓዦች ዝርዝር ይውጣ።

የአትላንታ አባል፦ ስለ አንዲት ቃል ሦስት ቀን ሙሉ! ሕግ ይባልና ይለፍ፤ ማን ልብ ይለዋል?

የዳላስ አባል፦ ደብዳቤውን የሚቀበሉት የእንደራሴዎቹ ሠራተኞች ልብ ይሉታል፤ ሁለቱን መለየት እንጀራቸው ነው። ሕግ ማለት ፕሬዚዳንት ሬገን ውድቅ ያደረጉት፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ግን ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሆነ ድምፅ፣ ሴኔቱም 78 ለ21፣ መልሰው ያጸኑት የ1986ቱ የደቡብ አፍሪካ ማዕቀብ ነው። የጋሼን ድካም ግን አልካድኩም፤ ቃሌ ከሮ ከሆነ ይቅርታ።

ጸሐፊ፦ «ያስጸደቅነው ኤች ሬስ 128» ብቻ ይባል።

የሲያትል አባል፦ ይሁን። ነገር ግን የዚያ ሥራ ታሪክ በአባሪነት ይግባ፤ ፎቶግራፎቹ በእጄ አሉ።

የአትላንታ አባል፦ ከገባ ደግሞ በቀለም ይታተም፤ ለማኅበሩ ዓመታዊ በዓልም ይሆነናል።

ጸሐፊ፦ አውቶቡስ እከራያለሁ ያለው አባል ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ጉዞው እስከ በዓሉ ይቆይ፤ አባሪው 30 ገጽ ስለደረሰ የአጎዋው ጥያቄ ወደ መጨረሻው ገጽ ወርዷል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው 4 ሺሑን የምፈርመው ለማተሚያ ቤት ነው?