የታገደው ካርዱ ነው ወይስ ሰውየው?

የአሌክሳንድሪያ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ አንድ ነገር እንከራከርበት። የአክስቴ ልጅ 31 ዓመቱ ነው፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ዳለስ ኤርፖርት ሻንጣ ክፍል ይሠራል። ባለፈው ወር አይ 95 አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት በ89 ማይል ሲነዳ ተያዘ። እዚህ ቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቲኬት አይደለም። ሬክለስ ድራይቪንግ፣ በግዴለሽነት መንዳት፣ ይባላል፤ ወንጀል ነው። ዳኛዋ ገንዘብ ቀጣችው፣ መንጃ ፈቃዱንም ለ60 ቀን አገደችበት። ካርዱን እዚያው ፍርድ ቤት አስረክቦ ወጣ።

ማታ ቤቱ ስሄድ መሳቢያውን እያመሰ አገኘሁት። ከክርስትና ካርዱ ጋር በላስቲክ የተጠቀለለ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። ባሕር ዳር በ21 ዓመቱ ያወጣው ነው፤ ፎቶው ላይ ገና ጢም አላበቀለም። «ያገዱት የቨርጂኒያውን ነው። ይሄንን የሰጠኝ ሀገሬ ነው፣ ማንም አላገደውም። በዚህ ብነዳ ጥፋቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ልክ አይደለም አልኩት። ለምን ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለታክሲው፦
እኔ ልጁ ተሳስቷል አልልም። እዚህ አካባቢ 22 ዓመት ነድቻለሁ። ሥራው የሚጀምረው ሌሊት 10 ሰዓት ነው፣ በፈረንጆቹ አራት ማለት ነው። ሲልቨር ላይን ባቡር በፈረንጆቹ 2022 ዳለስ ድረስ መግባቱ ደግ ነገር ነው፤ ግን በሥራ ቀን ሜትሮ የሚከፈተው በፈረንጅ አምስት ሰዓት ነው። ልጁ በምን ይሂድ? በኡበር ደርሶ መልስ ከሄደ ደሞዙ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። መኪና በሌለበት እንጀራ በሌለበት ሀገር መንጃ ፈቃድ ማገድ እጅን እንደ ማሰር ነው። በእጁ ሕጋዊ ወረቀት አለ። ፎርጅድ አይደለም፣ ተፈትኖ ያገኘው ነው። ሰክሮ አልነዳ፣ ሰው አልገጨ። እኔ ብሆን እነዳለሁ።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ችግሩ ይገባኛል። ወረቀቱ ግን አያድነውም። የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 46.2-301 ካርድ አይደለም የሚያግደው። ነዋሪም ይሁን እንግዳ፣ መንጃ ፈቃዱ ወይም የመንዳት መብቱ የታገደ ሰው እገዳው እስኪያልቅ ድረስ በስቴቱ መንገድ ላይ ማንኛውንም መኪና አይንዳ ነው የሚለው። «የመንዳት መብት» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። እንግዳ የሚለውም በከንቱ አልገባም። ከሌላ ቦታ ፈቃድ ይዞ የመጣን ሰው ጭምር ይይዛል።

እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ከሀገር ቤት የመጣንበት ልማድ ነው። እኛ ሰፈር ትራፊክ ፖሊስ ሲቆጣህ መንጃ ፈቃድህን ተቀብሎ ኪሱ ይከትታል። ቅጣትህን ከፍለህ ካርድህን ትወስዳለህ። «ትራፊክ መንጃ ፈቃዴን ያዘብኝ» እንላለን። ስለዚህ ሥልጣኑ ያለው ካርዱ ላይ ይመስለናል። ካርዱ በእጄ ካለ እነዳለሁ፣ ከሌለ አልነዳም። እዚህ ግን ፖሊሱ ካርዱን ባያይም ግድ የለውም። ስምና የልደት ቀን መኪናው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ያስገባል፣ እገዳው ይወጣለታል። የባሕር ዳሩን ካርድ ብትሰጠው ሰውየው ያው ነው፣ መዝገቡም ያው ነው።

ሌላም አለ። ልጁ ለጊዜው የመጣ እንግዳ አይደለም። አዲስ የገባ ሰው በውጭ ፈቃዱ እንዲነዳ ቨርጂኒያ 60 ቀን ነው የምትሰጠው፣ ከዚያ የራሷን ማውጣት አለበት። የእሱ 60 ቀን ያለቀው ከዓመታት በፊት ነው። እገዳው ባይኖር እንኳን ያ ካርድ ዛሬ እዚህ አያነዳውም።

ቅጣቱንም ልንገራችሁ። በእገዳ ላይ መንዳት አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር ነው፣ ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር። በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያው እገዳ ልክ ሌላ ይጨምርበታል። 60 ቀኑ 120 ይሆናል። ነገ ለዜግነት ሲያመለክት ደግሞ ኤን 400 ፎርም ላይ ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ተብሎ ይጠየቃል።

ባለታክሲው፦
እሺ እህቴ፣ ሕጉን ተረዳሁ። ሕግ ሁሉ ግን ፍትሕ ነው ወይ? እዚሁ ስቴት የፍርድ ቤት ቅጣት መክፈል ላቃተው ሰው መንጃ ፈቃድ ይታገድ አልነበረም? ጓደኛዬ ላይ ደርሷል። ቲኬቱን መክፈል አቃተው፣ ታገደ። ስለታገደ ሥራ አጣ። ሥራ ስላጣ አልከፈለም። ሦስት ዓመት እንደዚያ ሲሽከረከር ኖረ። ከ600 ሺህ በላይ ሰው ነበር እንደዚያ የታገደው። በፈረንጆቹ 2016 ተከሰሱበት፣ በ2019 በበጀት በኩል ለጊዜው አቆሙት፣ በ2020 ጭራሽ ከሕጉ አወጡት። ስቴቱ ራሱ ተሳስቻለሁ ያለ ያህል ነው። በዚያ ጊዜ በሌላ ወረቀት የነዳው ሰው ወንጀለኛ ነበር? ዛሬም ቢሆን የልጅ ቀለብ 90 ቀን ያልከፈለ ወይም 5,000 ዶላር የተጠራቀመበት ሰው ሊታገድ ይችላል። የልጅ ቀለብና የመኪና መሪ ምን አገናኛቸው? አባትየው ሥራ ካልሄደ ቀለቡ ከየት ይመጣል?

የሕግ ተማሪዋ፦
በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ፣ ሙሉ በሙሉ። የድሃን መንጃ ፈቃድ ለዕዳ መያዣ ማድረግ በደል ነበር። ግን የተነሣው እንዴት ነው? ሰዎች ተደራጅተው ከሰሱ፣ ምክር ቤት ሄዱ፣ ሕጉ ተለወጠ፣ ለሁሉም ተለወጠ። በመሳቢያ ባለ ካርድ ሲነዱ የነበሩት ቁጥራቸው ምን ያህል እንደሆነ እንጃ፤ ሕጉን ግን እነሱ አልለወጡትም። ደግሞ የዚህ ልጅ እገዳ የዕዳ አይደለም። የ89 ማይል ነው።

እናት ከስፕሪንግፊልድ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ በእግሩ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው። የገጨው ሰው መንጃ ፈቃዱ የታገደ ነበር፣ ከሀገሩ ያመጣውን ይዞ ነበር የሚነዳው። የእኛ ሰው አይደለም፣ የማንም ይሁን። ባለቤቴ ዳሌው ላይ ብረት ገብቶለት በአምስተኛው ወር ቆመ። የሰውየው ኢንሹራንስ «ፈቃድ የሌለውን ሾፌር አንሸፍንም» ብሎ ወራት አጉላላን። የሆስፒታል ቢሉ በየሳምንቱ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነበር። ሰውየውን ፍርድ ቤት አየሁት። ክፉ ሰው አይመስልም፣ አንገቱን ደፍቶ ያለቅስ ነበር። ሥራ መሄድ ስለነበረብኝ ነው አለ። ለእኔ ግን ያ እገዳ ባለቤቴን እንዲጠብቅ የተቀመጠ አጥር ነበር፣ ሰውየው ዘሎት መጣ። ልጆቼ፣ ስንት ማይል ነበር ያላችሁት? 89? ለዚህ ልጅ 60 ቀን አይበዛበትም።

ባለታክሲው፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ይሄንን አላሰብኩትም ነበር።

ከፍራንክፈርት፦
የምኖርበትን ሀገር ልምድ ልጨምር፣ ነገሩ አሜሪካ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ በመጠጥ መንጃ ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው መልሶ ለማውጣት ኤምፒዩ የሚባል የሥነ ልቦና ምርመራ ማለፍ ሊኖርበት ይችላል። ብዙዎች ያንን ሽሽት ቼክና ፖላንድ እየሄዱ አዲስ ያወጡ ነበር። የመንጃ ፈቃድ ቱሪዝም የሚል ስም ሁሉ ወጥቶለት ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2004 አንዱ አባል ሀገር የሰጠውን ሌላው ይቀበል ብሎ ስለነበር ለጊዜው መንገድ ተከፈተላቸው። ከጥር 2009 ጀምሮ ግን አዲሱ መመሪያ መንገዱን አጠበበው፤ አንድ ሀገር ያገደው ሰው በእገዳው ጊዜ ከሌላ ሀገር የሚያወጣውን ፈቃድ ያገደው ሀገር እንዳይቀበል ተደረገ። ፈቃድ ለማውጣትም እዚያ ሀገር በዓመት 185 ቀን መኖር አለብህ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ፈቃድ ደግሞ፣ የእኛም ቢሆን፣ እዚህ መኖር ከጀመርክ ስድስት ወር ብቻ ነው የሚያገለግልህ። እዚህም ተሞክሯል፣ እዚህም መንገዱ ጠብቧል።

የአሌክሳንድሪያ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ካርዱና ሰውየው የተባለው ገብቶኛል፣ ዛሬ ማታ እንደዚያው ነው የምነግረው። ግን የጋሼም ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። 60 ቀን በምን ሥራ ይሂድ?

የሕግ ተማሪዋ፦
ሪስትሪክትድ ላይሰንስ፣ የተገደበ መንጃ ፈቃድ ማለት ነው፣ ለምን አልጠየቀም? ለሬክለስ ዳኛዋ ከፈለገች ልትፈቅድለት ትችላለች። ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ልጅ ለማድረስ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአምልኮ ሳይቀር ሕጉ ያስቀምጣል። ሰዓቱና ቦታው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ውጪ መንዳት አይቻልም። ጠበቃ ስላልያዘ ማንም አልነገረው ይሆናል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፣ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። አሁንም ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጋ ሄዶ ማመልከቻውን ይጠይቅ። ከአለቃው የሥራ ሰዓቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዝ። ይግባኝም ካሰበ ከፍርዱ 10 ቀን ብቻ ነው ያለው፣ ባለፈው ወር ከሆነ ያ ሳያልፍበት አልቀረም።

ባለታክሲው፦
የልጅ ቀለቡን ነገር አልተውኩትም፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ይነዳል ያልኩትን ግን አንስቻለሁ። ለመጀመሪያዎቹ በረራዎች እኔ በሥራ ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወደ ዳለስ ባዶዬን ነው የምሄደው፣ በአሌክሳንድሪያ በኩል አልፋለሁ። ወረቀቱ እስኪወጣለት ከእኔ ጋር ይሂድ። አድራሻውን በውስጥ ላክልኝ። ሰዓት ያክብር እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።