የአፍና የመንጋጋ ካንሰር፦ የትኛው ዓይነት ይበዛል?

ጥያቄ፦
በእናቴ ምላስ ጠርዝ ላይ የወጣው ቁስል ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ መሆኑ ተነግሮናል። ይህ ዓይነቱ ምን ያህል የተለመደ ነው? የመንጋጋ አጥንት ካንሰርስ ከዚህ የተለየ ነው?

መልስ 1፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ። ከአፍ ካንሰሮች ከ90 በመቶ የሚበልጡት የአፍን ውስጠኛ ገጽ ከሚሸፍኑት ሕዋሳት የሚነሱ፣ ማለትም የእናትዎ ዓይነት ናቸው። በአብዛኛው የሚታየውም በምላስ ጠርዝና ከምላስ ሥር ባለው የአፍ ወለል ላይ ሲሆን፣ ትምባሆና አሬካ የተባለው ፍሬ በብዛት በሚታኘክባቸው የደቡብ እስያ አገሮች ግን የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ይበልጥ ይጠቃል። ከምራቅ ዕጢዎች የሚነሱት ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ላንቃ ላይ ያዘወትራሉ።

መልስ 2፦
ከራሱ ከመንጋጋ አጥንት የሚጀምር ካንሰር እምብዛም አያጋጥምም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከድድ ወይም ከአፍ ወለል ተነሥቶ ወደ አጥንቱ የዘለቀ ነው። ብዙዎች ከካንሰር ጋር የሚያምታቱት አሜሎብላስቶማ በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው፤ ሆኖም አጥንት እየበላ ስለሚያድግ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት።

መልስ 3፦
ለእናትዎ ሕክምና ከዓይነቱ መብዛት ይልቅ የሚወስነው ደረጃው ነውና፣ ስለ ዕጢው ጥልቀትና ወደ አንገት ንፍፊቶች መዛመት አለመዛመቱን ሐኪሙን ይጠይቁ።