የኢንሱሊን መርፌ የት ነው የሚጣለው?

ጥያቄ፦ እናቴ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። መርፌውን በፌስታል ቋጥረን ከቤት ቆሻሻ ጋር ነበር የምንሰጠው። ትናንት ቆሻሻ የምትሰበስበውን ልጅ እጇን ወጋት፣ በጣም ነው ያዘንኩት። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ 1፦ መርፌውን ተወውና መጀመሪያ ልጅቷን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዳት! የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ስለ ሄፓታይተስ ቢም (በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ) ጠይቁ። የተወጋችውን ቦታ በሳሙናና በውሃ ትታጠበው፣ ደሙን ግን አትጭመቀው።

መልስ 2፦ ነርስ ነኝ። እኛ ጋ ቢጫ ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ መጣያ ሳጥን አለ፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋና ይቃጠላል። ለቤት ወፍራም የበረኪና ጠርሙስ ይበቃል። እናታችሁ እንደተወጋች መርፌው ወዲያው እዚያ ይግባ፣ ላዩ ላይ "ስለታም ነገር" ብላችሁ ጻፉ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። የሃይላንድ ጠርሙስ ስስ ስለሆነ ይበሳል። ግቢ ውስጥ ማቃጠል ይቅር፣ ብረቱ አይነድም፣ የፕላስቲኩ ጭስም ይጎዳል።

መልስ 3፦ የሞላውን ጠርሙስ ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ ጤና ጣቢያ እሰጣለሁ። መጀመሪያ አንቀበልም ብለውኝ ነበር፣ ኃላፊውን ሳናግር ተቀበሉኝ። ቀድመህ ጠይቅ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፣ ልጅቷን ይዣት እየሄድኩ ነው።