በ2000 ብር ምን ዓይነት ኢርፎን ልግዛ?
ሰላም እንዴት ናችሁ? እባካችሁ ኢርፎን ምርጫ ላይ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል። በጀቴ ከ2000 ብር አያልፍም። ቀን ታክሲ ውስጥ የትምህርት ቪዲዮ አያለሁ፣ ማታ በገና አዳምጣለሁ። በገና ላይ ያ ወፍራም ድምፅ ከነእንዚራው (ጅማቶቹ ስር የሚገባው ቆዳ) ንዝረት ካልተሰማ ጣዕም የለውም።

ባለ ገመድ ስገዛ ሁሌም ጃኩ ስር ይቆረጥና አንዱ ጆሮ ዝም ይላል። ስለዚህ እንደ ኬዜድ ዜድኤስኤን ፕሮ ገመዱ የሚነቀልና የሚቀየር ቢሆን እመርጣለሁ። ችግሩ ስልኬ ታይፕ ሲ ብቻ ነው፣ የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ የለውም። ውስጡ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ) ያለው መቀየሪያ ልጨምርበት ወይስ በቀጥታ ባለ ታይፕ ሲውን ልውሰድ? ብሉቱዝ ይቅርብኝ፤ በዚህ ዋጋ ባትሪው አያስተማምነኝም።

መርካቶ ሄጄ ስገዛስ ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ በምን ልለየው? ሱቁ ውስጥ ስሞክረው መጀመሪያ ምን ላዳምጥ? የተጠቀማችሁበት ካለ ስሙንና የገዛችሁበትን ዋጋ ጻፉልኝ።