ጠርኒብ ስንጫወት ጥሪውንና ነጥቡን እንዴት እንያዝ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ከቤይሩት የተመለሰችው እኅቴ በሊባኖስና በሌሎች የዓረብ አገሮች የተለመደውን ጠርኒብ የተባለ የካርታ ጨዋታ አስተምራን፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ የደብረ ብርሃን ብርድ በር በሚያዘጋበት ምሽት ሁሉ ሁለት ለሁለት ተቧድነን እንጫወታለን። ጨዋታውን እጅግ ወድደነዋል፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት የምናውቃቸው ካርታ እያዛመዱ የሚዘጉባቸው ጨዋታዎች ብቻ ስለ ነበሩ፣ አስቀድሞ «ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን» ብሎ መጥራት (ዙር የምንለው አራታችንም አንድ አንድ ካርታ የምንጥልበትን ነው) አዲስ ሆኖብናል። ትናንት ማታ አንደኛው ወገን 8 ጠርቶ 7 ብቻ ሲወስድ፣ ከፊላችን 7 ነጥብ ይመዝገብለት፣ ከፊላችን ደግሞ ምንም አያገኝም አልን። በዚያ ላይ በስልኩ ተመሳሳይ ጨዋታ የሚጫወተው የአክስቴ ልጅ ገዢው፣ ማለትም ሌሎቹን ሁሉ የሚበልጠው የካርታ ዓይነት፣ ምንጊዜም ስፔድ ነው እያለ ይሟገታል፤ እኅቴ ግን ገዢውን የሚመርጠው ጨረታውን ያሸነፈው፣ ማለትም ትልቁን ቁጥር የጠራው ነው ትላለች። ትክክለኛው ደንብ የትኛው ነው? ካርታችንን አይተን ስንት መጥራት እንዳለብንስ በምን እንገምት?

ምላሽ (ከደብረ ሲና)

እኅትዎ ያሉት ትክክል ነው። ጠርኒብ በ52 ካርታ፣ ያለ ጆከር፣ በአራት ሰው የሚደረግ ጨዋታ ሲሆን፣ አጣማጆቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱም 13 ካርታ ይታደላል። እደላውም፣ ጥሪውም፣ ጨዋታውም የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠራው ካርታ ካደለው ሰው በስተ ቀኝ የተቀመጠው ነው። ዝቅተኛው ጥሪ 7 ነው፤ ከ13 ዙር እኩሌታውን የሚያልፈው የመጀመሪያው ቁጥር እርሱ ነውና። ከዚያ በኋላ ተራው የደረሰ ሁሉ ወይ ከቀደመው ከፍ ያለ ቁጥር ይጠራል፣ ወይ ያልፋል፤ ከሁሉ በላይ የጠራውም ገዢውን ዓይነት ሰይሞ የመጀመሪያውን ካርታ ይጥላል። አራቱም ካለፉ ካርታው ተበውዞ እንደ ገና ይታደላል።

በእጁ ዙሩ የተከፈተበት (መጀመሪያ የተጣለው) ዓይነት ያለው ሰው ያንኑ መጣል ግዴታው ነው። የሌለው ገዢ ጥሎ መቁረጥ ይችላል፤ ካልፈለገም የማይጠቅመውን ካርታ ይጥላል እንጂ ቁረጥ ተብሎ አይገደድም። ገዢ ከተጣለ ትልቁ ገዢ፣ ካልተጣለ ደግሞ ከተከፈተው ዓይነት ትልቁ ካርታ ዙሩን ይወስዳል፤ የወሰደውም ሰው ቀጣዩን ይከፍታል። አስ ከሁሉ በላይ፣ 2 ከሁሉ በታች ነው።

ወደ ተከራከራችሁበት ስመለስ፣ 8 ጠርቶ 9 የወሰደ ወገን 9 ነጥብ ያገኛል፤ ለተቃራኒዎቹ ምንም አይመዘገብም። 8 ጠርቶ 7 የወሰደ ግን 7ም አያገኝም፣ በዜሮም አያልፍም፤ የጠራው 8 ከነጥቡ ይቀነስበታል፣ ተቃራኒዎቹም የወሰዷቸው 6 ዙሮች ይመዘገቡላቸዋል። በአንድ ዙር ጉድለት ብቻ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት 14 ነጥብ ይሆናል ማለት ነው፤ ጨዋታው ብዙውን ጊዜ በ31 ወይም በ41 ስለሚያበቃ ይህ ከባድ ቅጣት ነው። ነገር ግን ጥሪውን ውል የሚያደርገው ይኸው ቅጣት ስለ ሆነ፣ እንዳታላሉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ምላሽ (ከመሐል ሜዳ)

ደንቡ በሚገባ ስለ ተገለጸ እኔ በግምቱ ላይ ላተኩር። ለምሳሌ ከስፔድ አስ፣ ኪንግ፣ ክዊን፣ 9 እና 6፣ ከልብ አስና 5፣ ከዳይመንድ ኪንግ፣ ጃክና 4፣ ከአበባ ደግሞ 8፣ 7 እና 3 ደረሰዎት እንበል። ስፔድን ገዢ ቢያደርጉ ሦስቱ ትልልቆች የማይቀሩ ዙሮች ናቸው። የቀሩት 8 ስፔዶች በሦስቱ ሰዎች እጅ 3፣ 3 እና 2 ሆነው ከተከፋፈሉ በሦስት ዙር ያልቃሉ፤ ያን ጊዜ የእርስዎን 9 እና 6 የሚበልጥ አይኖርም። አንዱ ሰው 4 ከያዘ ግን ከሁለቱ አንዱን ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከስፔድ 4 ወይም 5፣ ከልብ 1 ይቁጠሩ፤ የዳይመንድ ኪንግ፣ አሱ በማን እጅ እንዳለ ስለማይታወቅ፣ እንደ ግማሽ ዙር ይታሰባል። 13 ዙር ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ3 ጥቂት ያልፋል፤ ትልልቆቹ እርስዎ ዘንድ ስለ ሆኑ ግን ከአጣማጅዎ 2 መጠበቅ ይበቃል። በእንዲህ ያለ እጅ 8 በድፍረት ይጠራል፤ 9 ግን ተቃራኒዎቹ 8 ጠርተው ካልገፉኝ በቀር አልጠራም።

ጀማሪዎች ሥዕል ያለባቸውን ካርታዎች ብቻ ሲቆጥሩ አያለሁ። ለጥሪ ከሁሉ በላይ የሚመዝነው የገዢው ብዛት ነው፤ 5 ገዢ የሌለው ሰው ከፍ ያለ ጥሪ ሲጠራ በእውነት ያሳስበኛል። ጨረታውን ካሸነፉ በኋላም በገዢ መክፈት ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ የተቃራኒዎቹ ገዢ ሲያልቅ የልቡን አስ የሚቆርጥ አይኖርምና። የወጡትን ገዢዎች አንድ በአንድ መቁጠርን ከመጀመሪያው ቀን ልማድ ያድርጉት።

ምላሽ (ከፍቼ)

የአክስትዎ ልጅ የሚጫወተው በአሜሪካ የተለመደውን ስፔድስ የተባለ ሌላ ጨዋታ ይመስለኛል። በዚያኛው ገዢው ዘወትር ስፔድ ነው፤ ጨረታ የለም፤ አራቱም ሰዎች የየራሳቸውን ቁጥር ይናገሩና የአጣማጆቹ ይደመራል። የተጠራውን ያህል ለወሰደ ወገን ለእያንዳንዱ የተጠራ ዙር 10 ነጥብ፣ ለትርፉ ደግሞ አንዳንድ ነጥብ ይያዛል፤ ትርፉ ተጠራቅሞ 10 ሲሞላ 100 ይቀነሳል፤ ጨዋታውም ብዙ ጊዜ በ500 ያበቃል። ሁለቱም መልካም ጨዋታዎች ናቸው፤ የነጥብ ደንባቸው ግን አይደባለቅም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በጨረታው ጊዜ አጣማጆች ስለ ካርታቸው መነጋገር ይፈቀድላቸዋልን? የተከፈተውን ዓይነት ይዞ ሳለ ሌላ የጣለ ሰው ሲገኝስ ምን ይደረጋል?

ምላሽ (ከደብረ ሲና)

መነጋገርም በዓይን መጣቀስም ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ቁጥሩን መናገር ወይም ማለፍ ብቻ ነው። ቢሆንም ቁጥሩ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ አጣማጅዎ 7 ከጠራ እርሱም ረጅም ዓይነት (ከአንድ ዓይነት ብዙ ካርታ) እንዳለው ይረዱና ከእርስዎ እጅ ጋር ደምረው 8 ማለት ይችላሉ። ዓይነት የደበቀ ሰው ቅጣት ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ካርታው ከመታደሉ በፊት ተስማሙበት፤ እኛ ዘንድ የጠሪው ወገን ከደበቀ ጥሪው እንደ ወደቀ ይቆጠራል፣ ተቃራኒው ከደበቀ ደግሞ ጠሪው እንደ ሞላለት ተቆጥሮ የጠራው ይመዘገብለታል።