68፣ 72 ወይስ 76? ባብል ላይ ያለ ቡድን የሚገባውም የሚቀረውም በምን ስሌት ነው?

ዴይተን_ማክሰኞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ማርች ማድነስ (የአሜሪካ የወንዶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውድድር)፣ በተለይ ባብል (የመግባትና የመቅረት ጠርዝ) ላይ ስለሚንጠለጠሉት ቡድኖች ነው። በ2025 ሰሜን ካሮላይና 22 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ነው የገባው። ከኳድ 1 (ከከባድ ተጋጣሚ ጋር ከሚደረጉት) ጨዋታዎቹ 12ቱን ተሸንፎ አንዱን ብቻ ነበር ያሸነፈው። ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ 19 ለ13 ሆኖ፣ ስድስት የኳድ 1 ድል ይዞ ቀረ። ጎንዛጋንና አሪዞናን የረታ፣ ካንሳስንም ሎውረንስ ድረስ ሄዶ ያሸነፈ ቡድን ነው። ቡድኖቹን የሚመርጠው ኮሚቴ ይህን በምን መዝኖ ነው የወሰነው? ደግሞስ ውድድሩ ወደ 72 ወይም ወደ 76 ቢሰፋ እንዲህ ያለው ችግር ይፈታል? «ይመስለኛል» ሳይሆን ቁጥር ያለው መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ቆጣሪ፦
ከወንበሩ ብዛት እንጀምር። በ2025 ከገቡት 68 ቡድኖች 31ዱ የየኮንፈረንሳቸው (የየሊጋቸው) ሻምፒዮኖች ናቸው። እነሱን ኮሚቴው አይመርጣቸውም፣ ዋንጫ አንስተው ነው የሚመጡት። የቀሩትን 37 ወንበሮች ኮሚቴው ይሞላል። እስከ 2024 ድረስ ክፍፍሉ 32 እና 36 ነበር፤ ፓክ 12 የተባለው ኮንፈረንስ ሲበተን አንድ የሻምፒዮን ወንበር ወደ ምርጫው ዞረ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቡድናችን በኔት (በይፋዊው የቡድኖች ደረጃ) 55ኛ ነው፣ የሚገባው 68 ነው፣ ስለዚህ ገብተናል» ይላል። እንደዚያ አይሰራም። ከሻምፒዮኖቹ 22 ወይም 24 ያህሉ ከትንንሽ ኮንፈረንሶች የሚመጡ፣ በደረጃ ቢሆን ኖሮ የማይገቡ ናቸው። እነሱን ከ68 ስትቀንስ መስመሩ 44 እና 46 አካባቢ ይወድቃል። ባብል የሚባለው የዚህ መስመር ግራና ቀኝ ነው። የምርጫው እሁድ ሲደርስ ሰሜን ካሮላይና በኔት 36ኛ፣ ዌስት ቨርጂኒያ 51ኛ ነበሩ።

ኳድ የሚባለው የተጋጣሚህ የኔት ደረጃና የተጫወትክበት ቦታ ተደምሮ ነው። ኳድ 1 ማለት በሜዳህ ከ1 እስከ 30፣ በገለልተኛ ሜዳ ከ1 እስከ 50፣ ከሜዳህ ውጪ ደግሞ ከ1 እስከ 75 ያለን ቡድን መግጠም ነው። ኳድ 2 በሜዳህ እስከ 75፣ በገለልተኛ እስከ 100፣ ከሜዳ ውጪ እስከ 135 ይወርዳል። ኳድ 3 እስከ 160፣ 200 እና 240 ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ኳድ 4 ነው።

አሁን የሁለቱን ሽንፈት ዘርዝረህ እየው። ከሰሜን ካሮላይና 13 ሽንፈቶች 12ቱ ኳድ 1 ናቸው። የቀረው አንዱ በገዛ ሜዳው በስታንፎርድ 72 ለ71 የተሸነፈው ነው። ዌስት ቨርጂኒያ በኳድ 1 ስድስት አሸንፎ አስር ተሸንፏል፣ ሦስቱ ሽንፈቶች ግን ከኳድ 1 በታች ናቸው። የመጨረሻውም የመጣው በክፉ ሰዓት ነው፦ በቢግ 12 ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታው፣ ከኮንፈረንሱ ግርጌ ባለው ኮሎራዶ፣ 67 ለ60። አንዱ የሚያስጨበጭብ ድል የለውም፣ አሳፋሪ ሽንፈትም እምብዛም የለውም። ሌላኛው ሁለቱም አለው።

ከሜዳ_ውጪ፦
ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፣ ግን ኳድ ብቻውን ያሳስታል፤ መስመሩ ስለት ነውና። ዲሴምበር ላይ ከሜዳህ ውጪ በኔት 70ኛ የነበረን ቡድን ስታሸንፍ ኳድ 1 ተብሎ ይጻፍልሃል። ያ ቡድን ማርች ላይ 76ኛ ከሆነ ድልህ ኳድ 2 ሆኖ ይቆጠራል። አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ሌላ ሰው ሌላ ከተማ ውስጥ ተሸነፈ እንጂ። ኔት በየቀኑ ስለሚታደስ ይህ እስከ ምርጫው እሁድ ጠዋት ድረስ ይገለባበጣል።

ለዚህ ነው ከ2024-25 ጀምሮ ኮሚቴው ፊት በሚቀርበው የቡድን ወረቀት ላይ ዋብ (ከባብል ቡድን በላይ የተገኘ ድል) የተጨመረው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባብል ላይ ያለ አንድ መካከለኛ ቡድን ይህን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል። 20 በመቶ ከሆነና አንተ ካሸነፍክ 0.80 ታገኛለህ፣ ከተሸነፍክ 0.20 ብቻ ትቀጣለህ። በሜዳህ ደካማ ቡድን ገጥመህ ዕድሉ 97 በመቶ ከሆነ ግን ድሉ 0.03 ነው፣ ሽንፈቱ 0.97 ይቆርጥብሃል። የዓመቱን ሁሉ ትደምራለህ። ዜሮ ማለት ልክ ባብሉ ላይ ነህ ማለት ነው።

በጥያቄው ሁለት ቡድኖች ላይ በግርድፉ እንሞክረው። ለኳድ 1 ጨዋታ 25 በመቶ፣ ለቀረው ሁሉ 85 በመቶ እንበል። እነዚህ ለማሳያ የወሰድኳቸው ቁጥሮች ናቸው።

ሰሜን ካሮላይና፦ በ13 የኳድ 1 ጨዋታ 3.25 ድል ይጠበቃል፣ 1 አገኘ፣ 2.25 ጎደለ። በቀሩት 22 ጨዋታዎች 18.7 ይጠበቃል፣ 21 አሸነፈ፣ 2.3 ተረፈ። ድምሩ ዜሮ አካባቢ ነው።

ዌስት ቨርጂኒያ፦ በ16 የኳድ 1 ጨዋታ 4 ይጠበቃል፣ 6 አገኘ፣ 2 ተረፈ። በቀሩት 16 ጨዋታዎች 13.6 ይጠበቃል፣ 13 አሸነፈ፣ 0.6 ጎደለ። ድምሩ 1.4 ነው።

ትክክለኛው ዋብ እያንዳንዱን ጨዋታ ለየብቻው ስለሚመዝን (ዱክን በሜዳው ዱርሃም ላይ መግጠምና 74ኛውን ቡድን ከሜዳ ውጪ መግጠም ሁለቱም ኳድ 1 ናቸው) ልዩነቱ ሊጠብ ይችላል። እኔ ግን ወንበሩ ለዌስት ቨርጂኒያ ይገባ ነበር ባይ ነኝ። ኔት ውስጥ የነጥብ ልዩነት በብቃት ስሌት በኩል ይገባል፤ ደካማ ቡድንን በ30 ነጥብ መቅጣት ደረጃ ያሻሽላል። ወንበር የሚሰጠው ግን ማን ምን አሸነፈ ተብሎ መሆን አለበት።

ዴይተን_ማክሰኞ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ዋብ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሰሜን ካሮላይና የስፖርት ዳይሬክተር በዚያ ዓመት የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ። ይህ ለውጥ ያመጣል?

ቆጣሪ፦
ኮሚቴው 12 አባላት አሉት። የአንድ አባል ትምህርት ቤት ሲነሳ ያ አባል ከክፍሉ ይወጣል፣ ድምፅም አይሰጥም። በ2025ም ውሳኔውን ለሕዝብ ያብራሩት ምክትሉ ናቸው። ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም፣ ግን ከወረቀቱ ውጪ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም፤ የኔት 36ኛነቱ ብቻውን ብዙ ያስረዳል። ሰሜን ካሮላይናም ማጣሪያው በሚካሄድበት ከተማ ዴይተን ላይ ሳን ዲዬጎ ስቴትን 95 ለ68 አሸንፎ፣ ቀጥሎ በኦል ሚስ ተሸንፎ ወጣ።

ባለ_16፦
ስለ መስፋቱ ልመልስ። ውድድሩ በ1939 በ8 ቡድን ተጀመረ፣ በ1985 64 ሆነ፣ በ2001 65፣ በ2011 68። በተጨመረ ቁጥር ባብሉ ወደ ታች ወረደ እንጂ አልጠፋም። 77ኛው ቡድንም 69ኛው በ68 ጊዜ የሚለውን ነው የሚለው።

ስሌቱ ይህ ነው፦ ዋናው ሰንጠረዥ የሚሰራው በ64 ነው። በ68 ጊዜ 60 ቡድኖች በቀጥታ ይገባሉ፣ 8ቱ በ4 ጨዋታ ይጣራሉ። በ72 ከሆነ 56 በቀጥታ፣ 16ቱ በ8 ጨዋታ። በ76 ከሆነ 52 በቀጥታ፣ 24ቱ በ12 ጨዋታ። ማጣሪያው ማክሰኞና ረቡዕ ነው፤ ያሸነፈው ሐሙስ ወይም ዓርብ ሌላ ከተማ ላይ ይጫወታል። 4 ጨዋታ ለሁለት ምሽት ዴይተን በደንብ ይችላል። 12 ጨዋታ ግን በቀን ስድስት ነው፤ ለአንድ አዳራሽ አይሆንም፣ ሁለተኛ ከተማ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከ4ቱ ማጣሪያዎች ሁለቱ በ16ኛ ሲድ (በሰንጠረዡ የመጨረሻው ደረጃ) ሻምፒዮኖች መካከል መሆናቸው ነው። ዋንጫ ያነሳ ትንሽ ትምህርት ቤት ዋናውን ሰንጠረዥ ሳያይ ማክሰኞ ማታ ይሰናበታል። ማጣሪያው ሲሰፋ 15ኛ ሲዶችም ከተገፉበት፣ የሻምፒዮን ወንበር በስም ብቻ ይቀራል። ገንዘብም አለበት፦ አንድ ጨዋታ ለኮንፈረንሱ በስድስት ዓመት የሚከፈል ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ያመጣል።

አዲሱ ወንበር ለማን ይደርሳል ለሚለው በጠባቡ የቀሩትን አራት አራት ቡድኖች ተመልከቱ። በ2025፦ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኢንዲያና፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ቦይዚ ስቴት። በ2024፦ ኦክላሆማ፣ ሲተን ሆል፣ ኢንዲያና ስቴት፣ ፒትስበርግ። ከስምንቱ ስድስቱ ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ናቸው። ያውም ኤስኢሲ የተባለው ኮንፈረንስ ብቻውን በ2025 14 ቡድን ካስገባ በኋላ።

ከሜዳ_ውጪ፦
ስድስት ለሁለት መሆኑን እቀበላለሁ፣ ግን ከሁለቱ አንዱ ኢንዲያና ስቴት ነው። 28 አሸንፎ 6 የተሸነፈ፣ በኔት ከመጀመሪያዎቹ 30 ውስጥ የነበረ ቡድን። በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በድሬክ 84 ለ80 ተሸነፈና እሁዱን በጭንቀት ጠበቀ። ያን ሳምንት ወንበር ነጣቂዎች (ዋንጫ ባያነሱ የማይገቡ ሻምፒዮኖች) በዙ፦ ኤንሲ ስቴት በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ አሸንፎ የኤሲሲ ኮንፈረንስን ዋንጫ ወሰደ፣ ኦሪገን፣ ዱኬንና ዩኤቢም እንዲሁ። በዱኬን ኮንፈረንስ የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቀድሞም መግባቱ የታወቀ ስለነበር የዱኬን ዋንጫ ከባብሉ አንድ ወንበር ቆረጠ። በ72 ኢንዲያና ስቴት ይገባ ነበር። ማጣሪያ ላይ የተቀመጠም ሩቅ ሊሄድ ይችላል፦ ቪሲዩ በ2011፣ ዩሲኤልኤ በ2021 ከዚያ ተነስተው የመጨረሻው አራት ደርሰዋል።

ባለ_16፦
ኢንዲያና ስቴትን ለማስገባት ወንበር መጨመር አያስፈልግም፤ በኔት ደረጃው ቢሄድ ኖሮም ይገባ ነበር። የ2026ቱ በ68 እንዲቆይ ኦገስት 2025 ተወስኖ ነበር፤ ውድድሩ ቢሰፋም ባይሰፋም ጠቃሚው ነገር ይህ ነው፦ ቡድናችሁ ባብል ላይ ከሆነ የራሱን ጨዋታ ብቻ አትመልከቱ። አንድ ጠንካራ ቡድን ብቻ ያላቸውን ኮንፈረንሶች ለዩ፣ በፍጻሜያቸው ለዚያ ጠንካራ ቡድን ደግፉ። እሱ ከተሸነፈ ሁለት ወንበር ይወስዳሉ፣ አንዱ የእናንተ ነው።